በኮሮና ጊዜ በገጠር ጎጥ ዜናና ድጋፍን ማደራጀት፦ ደረጃ በደረጃ

ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ ወደ ገጠር ቤተሰቦቻችሁ የተመለሳችሁ የድሮ ተማሪዎቼ እየደወላችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «መምህር፣ እዚህ ሰዉ ወሬ እንጂ መረጃ አያገኝም፤ አቅመ ደካሞችም ቤታቸው ውስጥ ተረስተዋል። ከየት እንጀምር?» አዲስ አበባ ሆናችሁ እናት አባታችሁ ገጠር ያሉትም ይኸንኑ ትጠይቃላችሁ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው፣ እኛ በእድሩ በኩል የምንሠራበትን አካሄድ በዚህ በነሐሴ 2012 ጽፌላችኋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ዜና የሚያደርሰውና ድጋፍ የሚያደርሰው ሰው አንድ ይሁን። ጠዋት ጨውና ሳሙና ይዞ የመጣ ሰው «ጭምብል አድርጉ» ሲል ይሰማል፤ ባዶ እጁን መጥቶ የሚያስጠነቅቅ ግን በሦስተኛው ቀን ውሻ ይለቀቅበታል። ዜና ይዞ ደጅ ድረስ የሄደ ሰው ደግሞ የማን ምድጃ ጭስ እንዳላወጣ፣ ማን እንደሳለ፣ ማን መድኃኒት እንዳለቀበት በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። ሁለቱን ሥራ ለሁለት ቡድን ከከፈላችሁ አንደኛው ሰሚ ያጣል፣ ሌላኛው ችግረኛውን አያገኘውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ባለ መስመር ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ። ደብተሩ ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን፤ በክረምት ይረጥባል።
- ደብተሩን የሚይዝ ፌስታል ወይም ፕላስቲክ ከረጢት
- የእጅ ድምፅ ማጉያ ከትርፍ የባትሪ ድንጋይ ጋር። ከሌለ ከቀበሌው ወይም ከትምህርት ቤቱ በውሰት ይገኛል።
- በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አንድ ሬዲዮ
- ለጎጡ ቢያንስ ሁለት ስልክ፤ ተራ ስልክ ይበቃል
- ለእያንዳንዱ መልእክተኛ ሁለት ሁለት የጨርቅ ጭምብል፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይደረጋል
- ሳሙና፣ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ሲባጎ፣ ሚስማር
- ለእህል ማሰባሰቢያ ንጹሕ ማዳበሪያ ጆንያና መስፈሪያ፤ ቁናም ይሁን ጣሳ፣ ለሁሉም ያው አንዱ መስፈሪያ

ገንዘብ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አላስገባሁም። መጀመሪያ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ነገር ሰው ይጠራጠረዋል።

1. በአራት በር ግቡ

በመጀመሪያው ቀን ወደ አራት ሰዎች ሂዱ፦ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የጤና ኬላዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የእድሩ ዳኛ፣ እንዲሁም የደብሩ አስተዳዳሪ ወይም የመስጊዱ ኢማም። ሁለቱም እምነት ባለበት ጎጥ ሁለቱም ጋ ሂዱ፤ አንዱን አስቀድማችሁ ሌላውን ብታቆዩ በወሬ ይደርሰዋል።

ለምን? በ2012 አስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ነበር፤ ሳይነገረው ቤት ለቤት የሚዞር ወጣት ሲያይ ሊቀመንበሩ ቢያስቆማችሁ አይፈረድበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ማኅደር የያዘች ናት፤ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረበት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እድሩ ሰው የሚያምነው ሒሳብና ቅጣት ያለው ደንብ አለው። የሃይማኖት አባቶች ካልተናገሩ ግን እናንተ የምትሉት ሁሉ «የከተማ ወሬ» ሆኖ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ፦ «የኮሮና ኮሚቴ» ብላችሁ አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ። በገጠር ኮሚቴ ሞልቷል፤ ሰው የሚመጣው ያለው ሲሠራ ነው። እኛ ጋ ሥራው የሚሄደው በእድሩ ስም ነው።

2. ጎጡን በእግር መንገድ ከፋፍሉት

በካርታ ሳይሆን ሰው በሚሄድበት መንገድ ይሁን። ወንዝ ማዶ ያሉ ቤቶች በርቀት ቢቀርቡም ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ሲሞላ አይደረስባቸውም፤ ስለዚህ የራሳቸው መልእክተኛ ይኑራቸው። ለአንድ መልእክተኛ ከ10 እስከ 15 ቤት ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መሰልቸት ይመጣል፣ ሩቅ ያሉትን ቤቶች ደግሞ «ነግሬያቸዋለሁ» ማለት ይጀመራል።

ማንን ትመርጣላችሁ? ወትሮም በዚያ መንገድ የሚያልፈውን ነው። ውሃ ለመቅዳት ወደ ምንጭ የምትሄድ፣ ከብት የሚነዳ፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራ። ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ለአባወራው የተነገረ ዜና ብዙ ጊዜ ከአባወራው አያልፍም፤ እጅ የምታስታጥበዋ፣ ውሃ የምትቆጥበዋ፣ የታመመ የምታስታምመዋ ግን ሚስቱ ናት። ቀደም ሲል የሴቶች የልማት ቡድን ካለ መሪዎቹን ያዙ፤ የቤቶቹ ክፍፍል ተሠርቶ ይጠብቃችኋል።

ከ60 ዓመት በላይ የሆነን ወይም ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ያለበትን ሰው መልእክተኛ አታድርጉ። ፈቃደኛ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው፤ በአክብሮት ስልክ ላይ የሚቀመጡበትን ሥራ ስጧቸው።

3. መዝገብ ክፈቱ

በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር፦ የአባወራ ወይም የእማወራ ስም፣ የሰው ብዛት፣ ስልክ (የራሳቸው ከሌለ የጎረቤት)፣ ብቻውን የሚኖር አዛውንት አለ ወይ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን አለ ወይ፣ በየወሩ መድኃኒት የሚወስድ አለ ወይ፣ ከውጭ ወይም ከከተማ በቅርቡ የተመለሰ አለ ወይ፣ ማየት ወይም መስማት የተሳነው አለ ወይ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ይቀመጥ፤ የሚሞላው ሰባተኛው ደረጃ ላይ ነው።

የበሽታውን ስም በፍጹም አትጻፉ። «ወርኃዊ መድኃኒት፦ አለ» ይበቃል። የኤችአይቪ ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስሙ ደብተር ላይ እንደሰፈረ ካወቀ በሩን ይዘጋባችኋል፤ መድኃኒቱንም ሊያቋርጥ ይችላል። ደብተሩ መዝገቡን ከሚይዘው ጸሐፊ ቤት አይወጣም። መልእክተኛው የሚይዘው የራሱን ቤቶች ስም ብቻ የያዘች ቁራጭ ወረቀት ነው።

4. ዜናው ከአንድ ምንጭ ይቀዳ

ለጎጡ አንድ ሰው «ዜና ያዥ» ይሁን። ሥራው ሦስት ነው፦ በሬዲዮ የሚተላለፈውን የጤና ሚኒስቴር መግለጫ መስማት፣ በየቀኑ ከጤና ኬላዋ ባለሙያ ጋር መነጋገር፣ ጥያቄ ሲኖር ወደ 8335 ወይም 952 መደወል። ሁለቱም በ2012 ነጻ የስልክ መስመሮች ነበሩ፤ ካርድ ባይኖርም ይሠሩ ነበር።

ቴሌግራም ላይ ያየነውን ለምን አንለፍፍም ትላላችሁ። ኢንተርኔት በሰኔ 2012 መጨረሻ ተቋርጦ ለሳምንታት ሲጠፋ በቴሌግራም ቡድን ብቻ የተደራጁ ሰፈሮች ዜናቸው በአንድ ሌሊት ደረቀ። ከዚያ በላይ ደግሞ ቡድን ላይ የሚዞረው ድምፅ ማን እንደተናገረው አይታወቅም፤ «የእገሌ ሆስፒታል ዶክተር» ነው የሚባለው ሁሉ ዶክተር አይደለም።

ወሬ ሲመጣ ዜና ያዡ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ማን አለ? መቼ አለ? ባለሙያዋ ሰምታዋለች? ለሦስቱም መልስ ካልተገኘ አይለፈፍም። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ማር ቫይረሱን ይከላከላሉ ወይም ያድናሉ የሚለው በመጋቢትና በሚያዝያ የፌጦን ዋጋ ሰቅሎት ነበር። እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ ነጭ ሽንኩርት በማር እበላለሁ፤ ኮሮናን ግን አይከላከልም፣ ፌጦ የበላ ሰው «አሁን አይዘኝም» ብሎ ጭምብሉን ሲያወልቅ ደግሞ ጉዳት ነው። አረቄም ጉሮሮን እንጂ ቫይረሱን አያቃጥልም። ወሬውን ስታርሙ ያመጣውን ሰው ስም አትጥሩ፤ ከተዋረደ ነገ የሚሰማውን አይነግራችሁም፣ ወሬው ግን ከጀርባችሁ ይቀጥላል።

5. መልእክቱን ጻፉት

በቃል የተላከ መልእክት አሥረኛው ቤት ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኗል። ስለዚህ ይጻፍ፤ ከሦስት ጉዳይ አይብለጥ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን የሚለው ይኑር። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን። የሚመስለው እንዲህ ነው፦

«ማክሰኞ ነሐሴ 5። ከእድሩና ከጤና ኬላው።
አንድ፦ ሐሙስ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የሕፃናት ክትባት በጤና ኬላው አለ። እናቶች ጭምብል አድርጋችሁ፣ የክትባት ካርድ ይዛችሁ ኑ።
ሁለት፦ የቅዳሜ ገበያ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። ሻጮች ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቃችሁ ተቀመጡ። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ይምጣ።
ሦስት፦ ጤና ጣቢያ ወርኃዊ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ለመልእክተኛችሁ እስከ ረቡዕ ማታ ንገሩ።»

ሦስቱም ስለ ኮሮና ብቻ እንዳልሆኑ አያችሁ። የገበያው ቦታ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት ቀን፣ የወፍጮው መበላሸት፣ የድልድዩ መሰበር ሁሉ ይግባ። ሰው ለገበያው ብሎ ይሰማል፣ ክትባቱንም አብሮ ይሰማል። በየቀኑ «ታጠቡ፣ ተራራቁ» ብቻ ከሆነ በ2012 ስልክ ሲደወል ቀድሞ ይሰማ እንደነበረው የኮሮና ማስታወቂያ ጆሮ ይለምደዋል፤ እሱን ስንቶቻችሁ እስከ መጨረሻው እንደሰማችሁት ታውቃላችሁ።

የመከላከያ ምክር ስታስገቡ ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉ። «እጃችሁን ታጠቡ» ከማለት «ቫይረሱ ከእጅ ወደ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ይገባል፤ ሳሙና ያፈርሰዋል፤ ለ20 ሰከንድ እሹት» ይሻላል።

መልእክተኛው ከመሄዱ በፊት ጽሑፉን ሳያይ መልሶ ይንገራችሁ። ከሳተ ቃሉ ከብዷልና አቅልሉት። «ኳራንቲን» የሚለው ዓይነት ቃል ጎጥ ውስጥ አይሠራም፤ «ለ14 ቀን ለብቻ መቆየት» ብላችሁ ጻፉ።

6. በትክክለኛው ሰዓትና በትክክለኛው ድምፅ አድርሱ

ይህን በትልቁ ያዙልኝ፦ የእድሩን ጥሩምባ አትጠቀሙ። ጥሩምባ ሲነፋ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሞቷል። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እርሻውን ጥሎ፣ ተሰብስቦ ይመጣል። ለመራራቅ ብላችሁ በነፋችሁት ጥሩምባ መቶ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ሰበሰባችሁ ማለት ነው። የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዛችሁ እየተንቀሳቀሳችሁ ተናገሩ፤ አንድ ቦታ ከቆማችሁ ልጆች ይከቧችኋል።

ሰዓቱ ሁለት ነው። ጠዋት ገበሬው በሬ ሳይጠምድ፣ ማለትም 12 ሰዓት ገደማ፣ እና ማታ ከብት ሲገባ። እኩለ ቀን ላይ ቤት ያለው ሕፃንና አዛውንት ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያው ደራሽ አይደለም፤ ሰው «ነገር አለ» ብሎ ጆሮውን እንዲያቀና ነው። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ መልእክተኛው በየደጁ የሚደርስበት ነው።

በፍልሰታ ጾም ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ሰው አለ። አስተዳዳሪውን ፈቃድ ጠይቃችሁ ሰው ከመበተኑ በፊት እሳቸው ራሳቸው ያንብቡት፤ መስጊድም ኢማሙ በድምፅ ማጉያው። ከእናንተ አፍ ይልቅ ከእሳቸው አፍ ይሰማል። ሰው በቅጥሩ ተጠጋግቶ እንዳይቆም ግን አንድ ወጣት በር ላይ ይቁም።

ደጅ ስትደርሱ ከአጥር ውጭ ወይም ከበረንዳ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ቁሙ፤ እጅ አትጨብጡ፣ ትከሻ ለትከሻ አትሳሳሙ፣ ቡና ቢጠሯችሁም አትግቡ። እንቢ ማለት ይከብዳል፤ «እማማ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው፤ ብዙ ቤት ዞሬ ነው የመጣሁት» በሉ። ይገባቸዋል። መስማት ለተሳነው ቤት የጎረቤት ልጅ በምልክት ያስረዳ፤ ጭምብላችሁ አፋችሁን ስለሚሸፍን የከንፈር እንቅስቃሴ አይታይም፣ ስለዚህ በወረቀት የተሳለ ቀላል ምስል ይረዳል።

ከጎጡ ራቅ ላሉ ቤቶች የሚስድ ኮል ስምምነት አድርጉ። አንድ ጊዜ ከጠራ «አዲስ መልእክት አለ፣ መልሳችሁ ደውሉ ወይም ልጅ ላኩ» ነው፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከጠራ «አስቸኳይ» ነው። ካርድ አይበላም።

7. መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። መልእክተኛው ዜናውን ከነገረ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ «የታመመ አለ?» እና «ያለቀባችሁ ነገር አለ?» መልሱን ያንኑ ማታ ለጸሐፊው ይንገር፤ ጸሐፊው በደብተሩ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ቀኑን ጽፎ ይሞላ። «ደህና» ከሆነም «ደህና» ይጻፍ። ባዶ የቀረ ቦታ ማለት ደህና ናቸው ማለት አይደለም፤ አልተሄደም ማለት ነው፣ በማግስቱ መጀመሪያ የሚኬደው እዚያ ቤት ነው።

የሚያፍር ሰው አለ። በተለይ አባወራ «ምን ጎድሎን» ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ላይ አትንጠልጠሉ፣ ተመልከቱ፦ የውሃ ጀሪካኑ ባዶ ነው? ሰኞ የነበረው የእንጨት ክምር አለ? አዛውንቷ ውሃ የሚቀዳላቸው ልጅ አሁንም አለ ወይስ ወደ ከተማ ሄዷል? ያያችሁትን ለጸሐፊው ብቻ ንገሩ።

8. ድጋፉን አሰባስቡና አድርሱ

በዓይነት ጀምሩ። ሰው ገንዘብ ባይኖረው አንድ ጣሳ ባቄላ፣ ጥቂት ሽሮ፣ በርበሬ፣ አንድ ሳሙና አያጣም። መሰብሰቢያው የእድሩ ቤት በረንዳ ይሁን፤ ሰጪው አስቀምጦ ይሂድ፣ አይሰብሰብ። ሦስት ሰው አብሮ ይቁም፦ አንዱ ይስፈር፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ይቁጠር። ሦስቱ ከአንድ ቤተሰብ አይሁኑ። ከእድሩ ካዝና ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ እንደ ደንቡ በዳኛው፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ፊርማ ብቻ ይውጣ። ሰው ቢያምናችሁም ይህን አትዝለሉ፤ ሐሜት አንዴ ከገባ ሥራውን ይገድለዋል።

ከአዲስ አበባ፣ ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ለጎጡ የምትልኩ ደግሞ ለአንድ ሰው በግል አትላኩ፤ በእድሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ምን እንደሚያስፈልግም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሰው ሳሙና ሲፈልግ የእጅ ጓንት መላክ ይገርመኛል። ጓንት ለቤተሰብ አይጠቅምም፤ ቆሻሻ ጓንት ከቆሻሻ እጅ አይሻልም።

ቅድሚያ የሚሰጣቸው፦ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች፣ ለ14 ቀን ለብቻ የተቀመጡ ቤተሰቦች፣ የቀን ሥራ የቆመባቸው፣ ከስደት ባዶ እጃቸውን የተመለሱ። ለብቻ እንዲቀመጥ የተነገረው ሰው እህል ካልደረሰው በአምስተኛው ቀን ገበያ መውጣቱ አይቀርም፤ ልትፈርዱበት አትችሉም።

እህል ብቻ ግን ድጋፍ አይደለም። በክረምት ትልቁ ችግር ጉልበት ነው። የታመመ ወይም ለብቻው የተቀመጠ ሰው ማሳ ካልታረመ በኅዳር የሚበላው የለውም። ወንፈል ወይም ደቦ ጥሩ፤ ነገር ግን በየትልሙ ተራርቃችሁ አርሙ፣ ሁሉም የራሱን ውሃና ምሳ ይያዝ፣ ጠላ በአንድ ዋንጫ አይዙር። የዋንጫውን ነገር ሽማግሌዎች ቅር ይላቸዋል፤ ዋንጫ ከየቤቱ ይዞ መምጣት ግን ሁሉንም አስማምቷል።

መድኃኒት ደግሞ እንዲህ ነው፦ ጤና ጣቢያው የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጥ እንደሆነ በባለሙያዋ በኩል ጠይቁ። ከሰጠ አንድ ሰው የብዙዎችን ካርድ ይዞ ሄዶ ያመጣል፤ በታሸገ ወረቀት፣ ስም ብቻ ተጽፎበት፣ ለባለቤቱ በእጁ ይሰጥ።

የሰጣችሁትን ሰው ፎቶ አታንሱ። የሰጪዎችን ስም ከፈለጋችሁ ለጥፉ፤ የተቀባዩን ግን አይሆንም።

9. የእጅ መታጠቢያ አቁሙ

አጭር ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አፉ አካባቢ በጋለ ሚስማር አንድ ቀዳዳ ብሱ፤ በሁለት ባላ ላይ በተጋደመ እንጨት በእጀታው አንጠልጥሉት፤ አንገቱን በሲባጎ አስራችሁ መሬት ላይ ካለ ዱላ ጋር አያይዙት። ዱላው በእግር ሲረገጥ ጀሪካኑ ይዘነበላል፤ ስለዚህ የማንም እጅ ጀሪካኑን አይነካም። ሳሙናውን በስታችሁ በሲባጎ አንጠልጥሉት፤ መሬት ከተቀመጠ ይሟሟል ወይም ይሰወራል። የሚቆመው ወፍጮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በር፣ ገበያ መግቢያ፣ ምንጩ አጠገብ ነው። ውሃ የሚሞላው ሰው ስሙ ካልታወቀ በሳምንቱ ደረቅ ጀሪካን ነው የሚቀረው።

በረኪና ለእጅ አይደለም፤ ለበር እጀታ፣ ለወንበር፣ ለቃሬዛ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡ፤ በየቀኑ አዲስ አድርጉ፣ እየዋለ ጉልበቱ ይደክማል። ከሌላ ማጽጃ ወይም ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ሰው ላይ አትርጩ፤ ልጅ ከሚደርስበት አርቁ። በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ልጅ ይጠጣዋል።

10. ሰው ሲታመም

ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ ድካም፣ ማሽተትና መቅመስ አለመቻል ከታየ መልእክተኛው ወደ ቤት አይገባም፤ ወደ ጤና ኬላዋ ባለሙያ ወይም ወደ 8335 ይደውላል። ቆላማ ከሆነ ቦታ የምትኖሩ፣ ከክረምቱ በኋላ ወባ ይነሣል፤ ትኩሳት ሁሉ ኮሮና አይደለም። «ኮሮና ነው ይሉኛል» ብሎ የወባ ትኩሳቱን የሚደብቅ ሰው ይሞታል። ምርመራው ጤና ኬላው ላይ አለ፤ ይህን ደጋግማችሁ ንገሩ።

ወዲያውኑ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች፦ ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም ወይም ጫና፣ መቀባዠር፣ ለመንቃት መቸገር፣ የከንፈር ወይም የፊት መጥቆር። መኪና የማይገባበት ጎጥ ከሆናችሁ ቃሬዛ የሚሸከሙት ወጣቶች ስም ከዛሬ ይጻፍ፤ ሌሊት በ7 ሰዓት ሰው መፈለግ አይቻልም። ተሸካሚዎች ጭምብል ያድርጉ፣ በሽተኛውም ከቻለ።

አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ለብቻ ማስቀመጥ እንዴት ይቻላል? በሽተኛው በርና መስኮት ባለበት በኩል ይተኛ፤ ነፋስ ይግባ፤ ሌሎቹ በተቻለ መጠን ራቅ ብለው፣ እግር ለእግር ይተኙ። ዕቃ ቤት ወይም ማድ ቤት ካለ ለእሱ ይለቀቅ፤ ጭስ ግን አይኑር። አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ጤነኛና ወጣት። ሳህኑ፣ ዋንጫው፣ ጋቢው የራሱ ይሁን። በአንድ ገበታ አይበላም፤ ለጊዜው ነው በሉት።

11. ለቅሶ

በጣም የሚከብደው ይህ ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚጠጋጋው እዚህ ነው። ሞት ከመከሰቱ በፊት እድሩ ይወስን፦ ድንኳኑ ጎኖቹ ተከፍተው ይተከል ወይም ጭራሽ አይተከል፤ ሰው በተራ በተራ ገብቶ ጥቂት ቆይቶ ይውጣ፤ ወንበር ተራርቆ ይቀመጥ፤ ማቀፍና መሳም ይቅር፤ ሩቅ ያለ በስልክ ያጽናና። ምግብ ተሰባስቦ ከሚበላ እድሩ ለሐዘንተኞቹ ቤት ያድርስ። ውሳኔው ሐዘን ሳይኖር ካልተወሰነ በሐዘን ቀን ማንም አይሰማም፤ ያለ ቅጣት ደንብ ደግሞ ሰው «ለእኔ አባት ግን» ይላል። ሟቹ በኮሮና ተጠርጥሮ ከሆነ አስከሬኑን ሳትነኩ ለባለሙያዋ ደውሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ከስደት የተመለሰን ሰው እንደ በሽታ ማየት። ከሱዳን በመተማ በኩል ወይም ከአረብ አገር የመጣች ልጅ 14 ቀኗን ጨርሳ ሳለ ውሃ እንዳትቀዳ የሚከለክል ጎጥ፣ ቀጣዩ ተመላሽ በሌሊት ገብቶ እንዲደበቅ ያስተምራል። መልእክተኛው ወደ እሷ ቤት ሁሉም እያየ ይሂድ።

ጭምብልን አገጭ ላይ ማንጠልጠል፣ ወይም ሦስት ሰው በአንድ ጭምብል ተራ በተራ ገበያ መግባት። የጨርቁ ውጭ የነካው ሁሉ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይደረግም፤ ያፍነዋል።

ቁጥር ብቻ መናገር። «ዛሬ ይህን ያህል ሰው ተያዘ» ብላችሁ ስትሄዱ ሰው ወይ ይደነግጣል ወይ «እኛ ጋ የለም» ይላል። ቁጥሩን ከተናገራችሁ ምን ማድረግ እንዳለበት አስከትሉ።

ሌላውን ጤና መርሳት። በ2012 ወሊድ ቤት ውስጥ እየሆነ፣ ክትባት እየቀረ፣ የቲቢ መድኃኒት እየተቋረጠ ነበር፤ ሰው ጤና ተቋም ስለፈራ። ጤና ኬላው ክፍት እንደሆነ በየሳምንቱ ከሦስቱ ጉዳዮች አንዱ አድርጉት።

መልእክተኛውን ማድከም። ሁለት ሳምንት የሠራ አንድ ሳምንት ይረፍ፣ ተተኪ ይኑረው። የእርሱም ማሳ መታረም አለበት።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሰኞ አራቱን ሰዎች አነጋግሩ። ማክሰኞ ጎጡን ዞራችሁ መንገዶቹን እዩ፤ መልእክተኞችን ምረጡ። ረቡዕና ሐሙስ መዝገቡን ሙሉ፤ ቸኩላችሁ በአንድ ቀን አትጨርሱት፣ ሰው ቆም ብሎ የሚያወራችሁ ብዙ ነገር አለው። ዓርብ ማታ የመጀመሪያው መልእክት ይጻፍ፤ አጭርና ገበያን የሚመለከት ይሁን፣ ምክንያቱም ቅዳሜ ሁሉም ሊያጣራው ይችላል። ቅዳሜ ገበያው እንደ ተባለው መሆኑን አይቶ ሰው ቃላችሁን ይመዝናል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ የመጨረሻው ዓምዳቸው ባዶ የሆኑ ቤቶችን ያንብብ፤ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት መልእክተኛው የሚጀምረው ከእነዚያ ነው።